ቡና ለሲኒ ነው፦ ከጅማ እስከ በለጠ ጫካ የወሰድኩት የመጀመሪያ ሕክምና ዕርዳታ ሥልጠና

እኔ የምጮህ ሰው ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ግምገማዬ ያለዚህ ስለማይገባ ነው። ድመት ከጣራ ስትዘል እጮሃለሁ፤ ወተት ሲገነፍል እጮሃለሁ፤ ባጃጅ ድንገት ሲታጠፍ ከሾፌሩ ቀድሜ እጮሃለሁ። ታናሽ ወንድሜ «አምቡላንሱ ቢዘገይም ሳይረኑ እኛ ቤት አለ» እያለ ይስቅብኛል። እንግዲህ ባለፈው ግንቦት 4,500 ብር ከፍላ፣ ከሐኪም ርቆ ለሚደርስ አደጋ የሚሰጠውን የሁለት ቀን ሥልጠና የወሰደችው ይህችው ሴት ናት።

ሥራዬ ሒሳብ ነው። ዓመቱን ጅማ ከተማ ቢሮ ውስጥ እውላለሁ፤ ቡናው ሲቀላ ግን ጎማ ወረዳ ወዳለው ማጠቢያችን እወርድና ገበሬው ላመጣው እሸት ገንዘብ እከፍላለሁ። ከአጋሮ አስፋልት ወደ ማጠቢያው የሚያስገባው መንገድ በደረቅ ቀን ሃምሳ ደቂቃ ይወስዳል፤ ዝናብ ከጣለ እግዜር ይወቀው። ከአራት ዓመት በፊት አንድ ማታ የመፈልፈያው ማሽን ቺንጋ የአንድ ወጣት ሠራተኛችንን እጅ ያዘው። ማሽኑ ቆመ፤ ደሙ የሲሚንቶውን ወለል አልፎ ወደ ቦዩ ይወርዳል። እኔም የማውቀውን አደረግኩ፤ ጮህኩ። ከዚያ ወጥ ቤት ገብቼ የተፈጨ ቡና ያለበትን ጣሳ አመጣሁና ሙሉውን ገለበጥኩበት። የጅማ ልጅ ነኝ፤ እናቴም አያቴም ደም የሚያቆሙት በቡና ዱቄት ነበር።

ሕክምና ስናደርሰው ነርሷ ቁስሉን ለማጠብ አንድ ሰዓት ያህል ፈጀባት። የቡናውን ደቃቅ ከሥጋው ውስጥ እያጠበች፣ እየለቀመች፣ በመሐል ቀና ብላ አየችኝና «እትዬ፣ ቡና ለሲኒ ነው» አለችኝ። አልተቆጣችም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። የልጁ ጣቶች ተርፈዋል፤ የቀለበት ጣቱ ግን እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አይታጠፍም። በየወሩ ደመወዙን ሊፈርም ሲመጣ ያችን ጣት አያለሁ።

የአሠልጣኞቹን ስም እዚህ አልጽፍም። ምስጋናዬንም ቅሬታዬንም ፊት ለፊት ነግሬያቸዋለሁ፤ የምገመግመው ሥልጠናውን ነው።

ትምህርቱ መነሻው ከውጭ ነው። ተራራ ለሚወጡ፣ በረሃ ለሚያቋርጡ፣ በጀልባ ርቀው ለሚጓዙ ሰዎች የተዘጋጀ ሲሆን፣ መሠረታዊው ደረጃ አብዛኛውን ጊዜ 16 ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ ለአስጎብኚዎችና መሰል ባለሙያዎች የሚሰጠው ከፍ ያለው ደረጃ ደግሞ ከ70 እስከ 80 ሰዓት። የከተማው ሥልጠና «አምቡላንስ እስኪደርስ» ብሎ ይጀምራል፤ ይህኛው «አምቡላንስ ባይመጣስ?» ብሎ። አሠልጣኙ ነርስ «ዱር» የሚለውን ቃል ሲያብራራ፣ ከተሟላ ሕክምና ከአንድ ሰዓት በላይ የራቀ ቦታ ሁሉ ዱር እንደሚባል ነገረን። ከኋላዬ የተቀመጡ አንድ ገበሬ «እንግዲያው እኛ የተወለድነው ዱር ነዋ!» አሉ። አዳራሹ በሳቅ አወካ። እኔም ሳቅኩ፤ ወዲያው ግን ማጠቢያችን ትዝ አለኝ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ መጥሪያ 907 መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ እኛ ዘንድ ግን ኔትወርክ የሚገኘው ከማጠቢያው በላይ ያለው ጉብታ ላይ ሲወጡ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ጅማ ከተማ በአንድ አዳራሽ ዋለ። አሥራ ስምንት ነበርን፤ መምህራን፣ ሁለት የረጅም መንገድ ሾፌሮች፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ አንድ ማር ነጋዴ፣ ከበለጠ ጫካ ዳር የመጡ የደን ማኅበር አባል የሆኑ ሁለት ገበሬዎች፣ እና እኔ። አሠልጣኞቹ ሁለት ናቸው። አንዱ በድንገተኛ ክፍል ለዓመታት የሠራ ነርስ ነው፤ ሌላዋ ባሌ ተራሮች ላይ እንግዳ ስታስጎበኝ የኖረች ሴት ናት። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ይጀመራል ተብሎ ሦስት ሰዓት ከሩብ ተጀመረ፤ ይህን እንደ ጉድለት አልቆጥረውም፣ አገሬ ነው።

ለእኔ የከፈልኩት ብር የተመለሰው ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ነው። አንዱን ተማሪ ወለል ላይ አስተኝተው እግሩ ላይ ቀይ ቀለም አፈሰሱበት። ልጁ ያቃስታል፤ ተዋናይነቱን ወዶታል። «ማን ይሞክራል?» ሲባል እጄን አወጣሁ። ገና ሳየው «ውይ! ውይ! ሰው ጥሩ!» እያልኩ ሮጥኩና አጠገቡ ተንበረከክኩ። አሠልጣኟ አስቆመችኝ።

«ምን ላይ ነው የተንበረከክሽው?»

ከጉልበቴ ሥር የተሰባበረ ጠርሙስ የተሣለበት ካርቶን አለ። ሳልፍ ደግሞ የተበጠሰ የኤሌክትሪክ ሽቦ የተሣለበትን ሌላ ካርቶን ረግጬዋለሁ። «እንግዲህ ሁለት ቁስለኛ አለን» አለችና ቀጠለች፦ «ውጪና እንደገና ግቢ። እጅሽን ኪስሽ ውስጥ ክተቺ። አሥር ቁጠሪ። እየቆጠርሽ ዙሪያውን እዪ።»

ቀሚስ ለብሼ ነበር፤ ኪስ የለውም። የአንዱን ሾፌር ጃኬት ተውሼ ከበር ወጣሁና ተመልሼ ገባሁ፤ እጄ ኪስ ውስጥ፣ አፌ ዝግ። አሥር ድረስ መቁጠር ይህን ያህል ረጅም መሆኑን አላውቅም ነበር። ሦስት ላይ ሽቦውን አየሁ። አምስት ላይ ጠርሙሱን። ሰባት ላይ፣ ልጁ ካቃሰተ ይተነፍሳል ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። ዘጠኝ ላይ ደሙ ከየት እንደሚመጣ ለየሁ። ሰው እየደማ እጅን ኪስ ውስጥ አድርጎ መቆም ጭካኔ ይመስላል፤ ሆዴ እየተላወሰ ነበር የቆምኩት። ለካ እስከዚያ ቀን ድረስ የምጮኸው ለራሴ ኖሯል።

ከዚያ በኋላ ያለው ትምህርት በአብዛኛው የእጅ ሥራ ነው፤ ደግሞም በደንብ ተሰጥቷል። ደም የሚያቆመው ጫና ነው። ንጹሕ ጨርቅ ይደረግና በሁለት እጅ፣ ክንድ ቀጥ ብሎ፣ ሳያነሡ መጫን። በየግማሽ ደቂቃው «ቆመ እንዴ?» እያሉ መግለጥ የጀመረውን መርጋት ያፈርሰዋል፤ ጨርቁ ቢርስ ሌላ ይደረብበታል። ቡና፣ አመድ፣ ቅቤና የጥርስ ሳሙና ቁስል ላይ ምንም ሥራ የላቸውም፤ ጥልቀቱን ይደብቃሉ፣ ቆሻሻ ያስገባሉ፣ ለሚያጥበው ሰው ደግሞ ዕዳ ናቸው። (ይህ ሲነገር ወደ መስኮቱ ነበር የማየው።) ቃጠሎ ላይ የሚያስፈልገው ቀዝቃዛ የሚፈስ ውኃ ነው፤ ለ20 ደቂቃ። ጫና ያላቆመው ደም ከእጅ ወይም ከእግር የሚፈስ ከሆነ ቱርኒኬት፣ ማለትም በእንጨት እየተጠመዘዘ ደም የሚያቆም ማሰሪያ፣ ይታሰራል፤ ከቁስሉ ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ መገጣጠሚያ ላይ ሳይሆን፣ ደሙ እስኪቆም ተጠምዝዞ። የታሰረበት ሰዓት ይጻፋል። በሻሽ ቁራጭና በእንጨት በየራሳችን ክንድ ላይ ሞከርነው። ነርሱ «ካላመመ አልታሰረም» አለ። አመመን።

ክብሪቱ ላይ የሆነውን ሳልናገር አላልፍም። «የሚጥል በሽታ ለተነሣበት ሰው ክብሪት ጭራችሁ ያሸተታችሁ እጅ አውጡ» አለ ነርሱ። አሥራ አራት ሰው እጅ አወጣ፤ እየሳቅን። አንድ መምህር ግን ዝቅ ባለ ድምፅ «እኔን አሽትተውኛል» አሉ። ሳቁ ቆመ። ከልጅነታቸው ጀምሮ እንደሚጥላቸው፣ አንድ ጊዜ ጥርሳቸው እንዳይነካከስ ብለው ማንኪያ ያስገቡባቸው ሰዎች የፊት ጥርሳቸውን እንደሰበሩባቸው ነገሩን፤ ፈገግ ብለውም አሳዩን። ነርሱ ስላይዱን ዘጋና ቦታውን ለእርሳቸው ለቀቀ። ያን ሩብ ሰዓት ማንም ስልኩን አልነካም። የሚመታውን ዕቃ አርቁ፣ ከጭንቅላቱ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጉ፣ አትጫኑት፣ አፉ ውስጥ ምንም አታስገቡ፣ ሰዓት ተመልከቱ፣ ሲያባራ በጎኑ አስተኙት፣ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወደ ሕክምና አፋጥኑት። «ከሁሉም በላይ ሰው አይሰብሰብብኝ» አሉ፤ «ስነቃ መጀመሪያ የማየው ሃምሳ ጫማ ነው።»

ቅሬታዬ ከምሳ በኋላ ይጀምራል። ጠዋት ማሰር ተማርን፤ ከሰዓት በኋላ ስለ እባብ ሲነገር «አይታሰርም፣ አይበጣም፣ አይመጠጥም» ተባለ። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ቱርኒኬት ደሙ አልቆ ሊሞት ላለ ሰው ነው፤ የእባብን መርዝ በማሰር ለማስቀረት መሞከር ግን ደም የተከለከለውን ሥጋ ይገድላል። እባብ የነደፈው ሰው እንዳይራመድ ይደረጋል፤ የተነደፈው እግር ወይም እጅ እንደ ተሰበረ ተደግፎ ሳይነቃነቅ ይያዛል፤ እብጠቱ ሳይመጣ ቀለበትና አምባር ይወልቃል፤ ከዚያ በተገኘው መጓጓዣ ወደ ሕክምና። ነገር ግን ይህን ልዩነት በሰሌዳው ላይ በትልቁ የጻፈ ሰው አልነበረም። ማር ነጋዴው «ታዲያ የቱን ነው የምናስረው?» ብሎ ሦስት ጊዜ ጠየቀ፤ ሦስተኛው ላይ ተስፋ ቆርጦ ዝም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት የእባብን ንድፊያ እ.ኤ.አ. በ2017 ችላ ከተባሉ የሐሩር ክልል በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል፤ ችላ የተባሉት እነማን እንደሆኑ ለማወቅ የዚያን ነጋዴ ፊት ማየት ይበቃ ነበር። ሌሊት ማር የሚቆርጠው እርሱ ነው፤ አዳራሹ ውስጥ ከማናችንም ይልቅ መልሱ የሚያስፈልገውም እርሱ ነበር።

በአንጻሩ ስለ ከፍታ ሕመም አንድ ሰዓት ከሩብ ተነገረን። የከፍታ ሕመም ብዙውን ጊዜ ከ2,500 ሜትር በላይ የሚመጣ ነገር ነው፤ ጅማ 2,000 ሜትር እንኳን አትሞላም። አሠልጣኟ ባሌን ትወዳለች፤ ሳነቲ አምባ ላይ ያየችውን ስትተርክ ዓይኗ ይበራል፤ ፎቶዎቹም ያምራሉ። እኛን የሚሰብረን ግን ሞተር ሳይክል፣ ገጀራና ቀፎ የተሰቀለበት ዛፍ ነው። የሞተር ሳይክል አደጋ አሥራ አምስት ደቂቃ አገኘ።

መጽሐፉ ደግሞ በእንግሊዝኛ ብቻ ነው። ንግግሩ በአማርኛ ሲሆን ነርሱ ትዝ ሲለው ወደ አፋን ኦሮሞ ይመልሰዋል። ሁለቱ የደን ማኅበር ሰዎች መጽሐፉን ተቀብለው ሥዕሎቹን አገላብጠው ቦርሳ ውስጥ ከተቱት። ይህን ያህል ገንዘብ ተቀብሎ አሥር ገጽ አለመተርጎም ስንፍና ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

በነጋታው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት በሚኒባስ ተነሥተን በቦንጋው መንገድ ሰቃን አልፈን በለጠ ጫካ ገባን። ዝናብ እየጣለ ነው። በለጠን ያላየ ሰው የዱር ቡና የሚባለውን ነገር ተረት ሊመስለው ይችላል፤ ቡናው ከትልልቅ ዛፎች ሥር ማንም ሳይተክለው ይበቅላል፤ ከላይ ጉሬዛው ይዘላል፤ ከቅርንጫፍ ላይ ቀፎ ተንጠልጥሏል። ልምምዱም የተዘጋጀው ከዚያ ቀፎ ላይ «ለወደቀ» ሰው ነበር። ወዳቂዋ እኔ እንድሆን ዕጣ ወጣብኝ።

ርጥብ ቅጠል ላይ ተኝቼ አርባ ደቂቃ ሲመረምሩኝ ቆዩ። ጭንቅላቴን ይዘው አንገቴን አጸኑ፤ ከራሴ እስከ እግሬ ጣት ዳሰሱኝ፤ ስሜን፣ ቀኑን፣ የት እንዳለሁ ጠየቁኝ፤ የልብ ምቴን ቆጥረው ጻፉ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ቆጠሩ። በመሐሉ ጥርሴ መንቀጫቀጭ ጀመረ፤ ትወና አልነበረም። ከአንድ ቀን በፊት ስለ ብርድ ሲነገር «በጅማ አየር ማን በብርድ ይሞታል?» ብዬ ከጎኔ ላለችው ተማሪ ያንሾካሾክኩት እኔ ነኝ። ለካ በረዶ ባይኖርም ርጥብ ልብስና ርጥብ መሬት የሰውን ሙቀት መጥጠው ይጨርሱታል። የነከረውን ሹራቤን አወለቁልኝ፤ ከሥሬ ደረቅ ጆንያ አነጠፉ፤ በጋቢ ጠቅልለው ከላይ በላስቲክ ሸፈኑኝ። እስክሞቅ ድረስ ስለዚያ ሹክሹክታዬ ብዙ አሰብኩ።

ከዚያ መሸከም መጣ። አሠልጣኟ ረጅም ገመድ አውጥታ በቋጠሮ ቃሬዛ መሥራት ታሳየን ጀመር። አንድ ቋጠሮ፣ ሁለተኛ፣ ተሳሳተች፣ ፈታች፣ እንደገና ጀመረች። ሁለቱ ገበሬዎች ለጥቂት ጊዜ በትሕትና ተመለከቱ። ኋላ አንዱ ሄደው ሁለት የወደቁ ቀጥ ያሉ እንጨቶች ይዘው መጡ፤ የቆመ ዛፍ አይነካም፣ የማኅበራቸው ደንብ ነው። ሌላው የሁለት ጆንያ ጥጎችን በቢላ በስተው እንጨቶቹን አሳለፉባቸው። አራት ደቂቃ አልሞላም። «ይህን የምንሠራው ምጥ ለያዛት ሴት ነው» አሉ፤ «ክረምት ሲሆን ብዙ ጊዜ ነው የምንሸከም።» አሠልጣኟ ገመዷን ጠቅልላ ሻንጣ ውስጥ ከተተችና «እባካችሁ እንደገና አሳዩን፣ ቀስ ብላችሁ» አለች። ለዚህች ሴት የከፍታ ሕመሙን ይቅር ያልኩት ያን ጊዜ ነው።

ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ሲጀምር ሁላችንንም ከትልልቆቹ ዛፎች አውጥተው ወደ ሚኒባሱ አስገቡንና እዚያው ውስጥ ስለ መብረቅ አስተማሩን። መብረቅ ብዙ ሰው ሲመታ ቀድሞ የሚረዳው የሞተ የሚመስለው ነው፤ ልቡ መልሶ እየመታ ትንፋሹ ግን ቆሞ ሊሆን ይችላል፤ አፍ ለአፍ እየተነፈሱለት፣ ልቡም ከቆመ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ደረቱን እየተጫኑ፣ በየ30ው ሁለት ትንፋሽ እየሰጡ ሊመልሱት ይቻላል። የተመታውን ሰው መንካት አይነዝርም። ሾፌሩ «የሚጮኹትስ?» አለ። «የሚጮኽ ሰው ይተነፍሳል፤ ይቆይ» አለ ነርሱ። ሁሉም ዞር ብለው እኔን አዩኝ።

ነርሱን አንድ ነገር ላይ አልወደድኩትም። ስለ ስብራት ሲያስተምር በቀርከሃ ጠብቆ ታስሮ የጠቆረ እጅ ፎቶ አሳየና በወጌሾች ላይ ሲቀልድ ቆየ። ፎቶው እውነት ነው። የተሰበረ እጅ ያብጣል፤ ማሰሪያው ጠብቆ ከቆየ ደም መዘዋወሩን ያቆማል፤ ክንድ የሚቆረጥበት ጊዜ አለ። ቀልዱ ግን አላስፈለገም። ገበሬዎቹ አንገታቸውን ደፉ፤ አንደኛው ወንድማቸው ወጌሻ መሆኑን ሚኒባስ ውስጥ ነገሩኝ።

ስለ ቀረው ነገር ባጭሩ ልበል። ምሳው ሁለቱንም ቀን ሽሮና ጎመን ነበር፤ ጣፋጭ ነው። የሰጡን የዕርዳታ ቦርሳ ደህና ፋሻና ጓንት ይዟል፤ መቀሱ ግን ነጠላ እንኳን አይቆርጥም፤ እኔ በገበያ መቀስ ቀይሬዋለሁ። የምስክር ወረቀቱ ያምራል፤ ሐኪም አያደርግም፤ እነርሱም ደጋግመው ተናግረዋል።

ሥልጠና ሕይወቴን ቀየረው የሚል ሰው አላምንም። እኔም ግብር ልከፍል ስሄድ አሁንም እጮሃለሁ። ነገር ግን ሐምሌ ላይ ልጄ የፈተና ውጤቱን ይዞ ሲገባ ወረቀቱን አየሁና እጄን የሽርጤ ኪስ ውስጥ ከትቼ ዝም አልኩ። ስድስት ላይ ስደርስ ዓይኑ ማበጡን አየሁ፤ አልቅሶ ነው የመጣው። ልጁ ዝምታዬ አስፈርቶት «እማዬ፣ አሞሻል እንዴ?» አለኝ።

ኅዳር ላይ ደግሞ ማጠቢያው በር ላይ ተራ ይዘው ከቆሙት መካከል አንዲት ወጣት ለቃሚ ጆንያዋን እንደተሸከመች ዳገቱ ላይ ተንሸራተተች። የሴቶቹን ጩኸት ሰማሁ፤ የእኔ አልነበረበትም። የገንዘቡን ሳጥን ቆልፌ ወጣሁና ቆምኩ፤ እጄ ሽርጥ ውስጥ። አራት ላይ፣ ከበላይዋ የተደረደረው የጆንያ ክምር ማዘንበሉን አየሁ። መጀመሪያ እርሱን በወንዶቹ አስያዝኩ። ባልቆጥር ኖሮ ከሥሩ ተንበርክኬ ነበር።

አጠገቧ ተቀምጬ በአፋን ኦሮሞ «ትንሽ ተምሬያለሁ፤ ልንካሽ?» አልኳት። አዳራሹ ውስጥ ይህ ፈቃድ መጠየቅ ፈረንጅኛ ይመስለኝ ነበር፤ እኛ ዘንድ ሰው ወደቀ ከተባለ ሁሉም ይረባረብበታል። ልጅቷ ግን በዚያ ሁሉ ሕመም ውስጥ ነፃ በሆነው እጅዋ ሻሽዋን ለመሸፈን እየታገለች ነበር። ወንዶቹ ፊታቸውን እንዲያዞሩ ጠየቅኩ፤ ሻሽዋን አስተካከልኩላት፤ ከዚያ «እሺ» አለች። ክንዷ ከመሐሉ ጎብጧል። ጣቶቿ ይሞቃሉ፣ ይንቀሳቀሳሉ፣ ስነካቸው ይሰማታል። የደረሰኝ ካርቶን አጥፌ፣ ሹራቤን ውስጡ አድርጌ፣ ከመዳፏ እስከ ክርኗ ደግፌ አሰርኩና በነጠላ አንገቷ ላይ አንጠለጠልኩት። ካሰርኩ በኋላ ጣቶቿን እንደገና አየሁ። ደህና ናቸው። እውነቱን ለመናገር ኮርቼ ነበር።

ሴቶቹ ለካ ወጌሻ አስጠርተዋል። ሽማግሌው ከዘራቸውን ይዘው ሲመጡ ለጠብ ተዘጋጀሁ፤ ነርሱ ያሳየን ፎቶ ዓይኔ ላይ አለ። ሽማግሌው ግን ካርቶኑን አልነኩትም። ቁጭ ብለው የአውራ ጣቷን ጥፍር ጫን አድርገው ለቀቁና ቀለሙ ሲመለስ ተመለከቱ። አዳራሽ ውስጥ ያስተማሩን ይኸንኑ ነው።

«ማነው ያሰረው?»

«እኔ ነኝ፣ አባባ።»

«ጠብቆ እንደሆነ ብዬ ነው። አልጠበቀም።» ከዚያ የካርቶኑን ጫፍ በቀስታ አጎንብሰው አዩና «አጥንቱ ዞሯል፤ ይህ የእኔ አይደለም፣ የሆስፒታል ነው፤ ውሰዷት» አሉ። ልነሣ ስል ግን እጅጌዋን በሁለት ጣታቸው ገለጥ አደረጉ። «ይህንንስ?»

ከእጅጌዋ ሥር የብር አምባር ነበር። ካርቶኑን ያሰርኩት በልብሷ ላይ ነው። ሥጋው በዙሪያው አብጦ አምባሩን ውጦታል፤ በሳሙናም በቅባትም አልወጣም። ሕክምና ስንደርስ በመቁረጫ ቆረጡት። ክንዷ ሲስተካከል ያላለቀሰችው ልጅ ለአምባሩ አለቀሰች፤ የእናቷ ነበር። ቁርጥራጩን ይዤ ሂርማታ ገበያ አንድ ብር ሠሪ ዘንድ አስበየድኩት፤ ጠባሳው ያስታውቃል። ቀለበትና አምባር ማውለቅ መጽሐፉ ውስጥ የተጻፈው በእባብ ሥር ብቻ ነው፤ በስብራት ሥር የለም። ያም ሆኖ ስህተቱ የእኔ ነው፤ እጅጌ መግለጥ መጽሐፍ አይጠይቅም።

እንግዲህ ለማን ይሆናል? ማጠቢያ ላይ፣ ደን ውስጥ፣ መንገድ ላይ ለሚሠራ ሰው ገንዘቡ ይገባዋል፤ መሥሪያ ቤቱ ቢከፍልለት ደግሞ የተሻለ ነው፤ ምክንያቱም 4,500 ብር ለለቃሚ የሚቀመስ አይደለም። ለጌጥ ወረቀት የሚፈልግ ሰው ይቅርበት። እንግሊዝኛ የማያነብ ሰው ከሚያነብ ጓደኛ ጋር ቢሄድ ይሻለዋል፤ እኔ ለሁለቱ ገበሬዎች የእባቡንና የስብራቱን ገጽ በእጄ ተርጉሜ ልኬላቸዋለሁ።

የአምባሩን ነገር ለአሠልጣኞቹ ደውዬ ስነግራቸው በቀጣዩ ዙር በፈቃደኝነት ቁስለኛ እንድሆን ጠየቁኝ። የካቲት ላይ ሄድኩ። ከረጅም እጅጌ ሹራቤ ሥር ሦስት አምባር አድርጌ ክንዴ እንደተሰበረ ተጋደምኩ፤ በደንብም ጮህኩ፣ ይህን ማንም አያስተምረኝም። አራት ቡድን መጣ፤ አራቱም አስረውኝ፣ ጣቴን አይተው፣ ተመሰጋግነው ሄዱ። ከአምስተኛው ቡድን አንዲት ቀጭን ልጅ ከሩቅ ቆመች፤ እጅዋ ጃኬቷ ኪስ ውስጥ ነው፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አያለሁ። ከዚያ መጥታ አጠገቤ ተንበረከከችና እጅጌዬን ይዛ «እትዬ፣ ይህን ልሰብስበው፣ ይፈቅዱልኛል?» አለችኝ።